አራቱ የድንች መደቦች

ሱሉልታ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግራ በሆላንድ አገር የአፈርን ጠባይ ለምትመረምረው፣ ለወንድሜ ለነፍስ ኄር ባይሳ ልጅ፣ ለገለቴ፤

ያሳደገሽ አምላክ በሰው አገር ባይተዋር አያድርግሽ፤ የዚያ አገር ውርጭ ከመስኮትሽ ውጭ ይቅር፤ ለሰው የምታሳዪውም ፊት እንደ አባትሽ ፊት ብሩህ ይሁን። እኔ አጎትሽ ደቻሳ ቦጂያ፣ በሰበታ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ክርክር ስጽፍ ኖሬ በስተርጅና ከመሬት ጋር የራሴን ክርክር የገጠምሁት ሽማግሌ፣ ጉልበቴ ማለዳ ማለዳ ከሚያቀርብብኝ አቤቱታ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ግን ያስጻፈኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ከጎጃም መንገድ በላይ ባለው ቀይ ዳገት ላይ እኔና ስድስት አባወራዎች ድንች እያለማን፣ የቡራዩው ነጋዴ አብዶ በጭነት መኪናው እየወሰደ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች እንደሚያከፋፍልልን ታውቂያለሽ፤ መሬቱም የወይዘሮ ድንቅቱ እንጂ የአንዳችንም እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮዋ ከአዲስ አበባ በመኪና መጥተው፣ ጥላቸውን እንደ ዘረጉ በማሳው ዳር ቆመው፣ ሁላችንንም አስጠሩን።

«አቶ ደቻሳ፣ ድንቻችሁን አየሁት» አሉ። «ዶሮ ገብታ ብትጥልበት የትኛው ድንች፣ የትኛው እንቁላል እንደሆነ አይለይም።»

«እመቤቴ፣ አምና ዝናሙ እንደሚታወቀው...»

«ዝናሙን ይተዉት። ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ። ባሕር ዛፍ አይኮተኮትም፣ አያለቅስም፣ ጭሰኛም አይፈልግም።»

ከብዙ ልመና በኋላ ሁለት ክረምት ሰጡን። በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ጥቅምት የሚቆፈረው ድንች ዓይናቸውን ካልሞላው፣ መሬቱን እንለቃለን፤ ስድስቱም ቤቶች ይፈርሳሉ። ከስድስቱ አንዱ የደገፋና የእናቱ የጠጅቱ ቤት ነው፤ አንቺን በልጅነትሽ በጀርባዋ አዝላሽ የኖረችው ጠጅቱ።

የእርሻ መኮንኑ አምና ማዳበሪያ የሚሉትን ግራጫ ፍሬ አምጥቶልን፣ እንደ ጤፍ ዘር በማሳው ላይ በተንነው፤ ማሳውም ዋጠውና ምስጋና እንኳ ሳይመልስልን ቀረ። እኔም ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ከርሜ፣ መሬቱ ዝም ያለው ያጎረስነው ቢያንሰው ነው ከሚል አሳብ ላይ ስለ ደረስሁ፣ ዘንድሮ ዕጥፉን ልበትን ቆርጫለሁ። ዕጥፉ ስንት እንደሆነና በምን መንገድ እንደማገኘው ቶሎ ጻፊልኝ። እኛ ከዚህ ዳገት አንወርድም።

አጎትሽ ደቻሳ ቦጂያ

*

ሆላንድ፣ ግንቦት 8 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ደቻሳ ቦጂያ፤

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የማለዳውን አቤቱታ ሰምቶ እግዚአብሔር ፈጥኖ ይፍረድልዎ። እቴ ጠጅቱን፣ ደገፋንም፣ የቀሩትንም ሁሉ አንድ በአንድ ይሳሙልኝ።

አደራ አጎቴ፣ ዕጥፍ አይበትኑ። ድንች ከማዳበሪያው አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ፎስፎረስ ይባላል፤ ሥሩን የሚያጠነክረው፣ ፍሬውንም የሚያበዛው እርሱ ነው። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ፎስፎረስን ጨብጦ የሚይዝ፣ ከያዘም የማይለቅ አፈር ነው። ሲበተን ብዙ አፈር ይነካል፤ ብዙ አፈር በነካ መጠንም ብዙው ይታሰራል፤ ለድንቹ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ዕጥፍ ቢበትኑ አፈሩ ዕጥፍ ይጨብጥብዎታል። ስለዚህ መበተኑ ቀርቶ፣ በትልሙ ውስጥ ከእያንዳንዱ ዘር ሥር ጥቂት ጥቂት ይቀመጥ፤ ዘሩን እንዳያቃጥለው በመካከላቸው አንድ ጣት የሚሆን አፈር ይግባ።

ጥቂት ማለት ስንት እንደሆነ ግን እዚህ ተቀምጬ ልነግርዎ አልችልም። መሬቱን ራሱን እንጠይቀው። ከማሳው ራስጌ አራት እኩል መደቦች ያስከልሉ፤ ለመለኪያም የጠርሙስ ቆርኪ ይበቃል። ለአንደኛው መደብ ምንም አይደረግ። ለሁለተኛው በየዘሩ ሥር ግማሽ ቆርኪ፣ ለሦስተኛው አንድ ቆርኪ፣ ለአራተኛው ሁለት ቆርኪ ይግባ፤ ሁለቱ ቆርኪ የእርሻ መኮንኑ ያዘዘውን ያህል ነው። ሲቆፈር ለየብቻ ተመዝኖ ይጻፍልኝ።

ከሁሉ ይልቅ የምለምንዎ ስለ ባዶው መደብ ነው። አንቱ ምስክር ሳይሰማ የተጻፈ ፍርድ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ምስክራችን ባዶው መደብ ነው፤ ሦስቱ የሚመዘኑት በእርሱ ነውና፣ እርሱ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል።

ልጅዎ ገለቴ ባይሳ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለማስተዋልሽ ዕድሜ እንዲጨመርለት በየዕለቱ ለምለምንልሽ ለልጄ ለገለቴ፤

ሰማይ ለምድር የታመነውን ያህል ጤና ለሰውነትሽ ይታመን። እኛ በአምላክ ቸርነት ክረምቱን ተሻግረን፣ መስቀልንም አክብረን፣ እነሆ የድንቹን ነገር የምተርክበት ቀን ደረሰ።

እንደ ቃልሽ በሰኔ ደቦ ጠርቼ፣ መደቦቹን በችካል ለይቼ፣ ቆርኪውን ለሴቶቹ አድዬ፣ የየመደቡንም ድርሻ በግልጽ ካስረዳሁ በኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከግራሩ ሥር ተቀመጥሁ፤ የደቦ ጠሪ ደቦኛውን ቆሞ መጠበቅ፣ ጉልበቱን በነጻ ያመጣውን ሰው እንደ ሌባ መቁጠር ነውና። ሥራው በዘፈን ተጀመረ፣ በዘፈን አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። በትክክል አስልቼ ያስመጣሁት የማዳበሪያ ጆንያ ዘሩ ሳያልቅ ቀድሞ አለቀ። አብዶን አስጠራሁት።

«አብዶ፣ ጆንያህ ጎዶሎ ነው።»

«ወላሂ ኦቦ ደቻሳ፣ የተሰፋበት ክር አልተነካም! ማዳበሪያ ሰርቄ ምን ላደርገው ነው? እዚህ ላይ ልዝራው?» ብሎ ቆቡን አንሥቶ ራሰ በራውን አሳየኝ። ደቦኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ ድንቹን ይጭናል፣ ሰላምታው ግን ከመኪናው አይወርድም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በጥቅምት አራቱን መደብ ለየብቻ አስቆፍሬ፣ በራሴ ዓይን ፊት አስመዘንሁ። ልጄ፣ አራቱም እኩል ናቸው! ባዶው መደብ ሁለት ቆርኪ ከጎረሰው መደብ በአንድ ቁና እንኳ አላነሰም፤ ፍሬውም አምና ከቆፈርነው እጅግ የተሻለ ነው። ስለዚህ ይህ ቀይ አፈር እንደ ሐሜቱ ንፉግ ሳይሆን፣ ቸርነቱን ደብቆ የኖረ ባለጸጋ ኖሯል ማለት ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ? የጥር የመስኖ ተክላችን ደርሷልና ፍርድሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ደቻሳ ቦጂያ

*

ሆላንድ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

መልካም ዜና የያዘ ደብዳቤዎ እዚህ በረዶ ላይ ቆሜ ሲደርሰኝ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ ቀደድሁት። ስለ ሁላችሁም ጤና ተመስገን።

የጻፉልኝን ውጤት ብዙ ጊዜ አነበብሁት። እዚህ ከምማረው ጋር አልገጥም ብሎኛል። ለመምህሬ ባሳየው፣ ትከሻውን ነቅንቆ «አንዳንድ ማሳ የቆየ ጥጋብ አለው» አለኝ። ምናልባት የጥንት በረት የነበረበት ስፍራ ይሆናል። ሚዛን የተናገረውን መካድ አልችልም። ባዶው ከሙሉው ካላነሰ፣ ለጥር ተክል ማዳበሪያ መግዛት ለከንቱ ነው። ለመስኖው ይተዉት፤ የሚድነውንም ለስድስቱ ቤት ያድርጉት።

ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ለምን እንዳላረፈ ባውቅ እጽፍልዎ ነበር።

ልጅዎ ገለቴ

*

ሱሉልታ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለገለቴ፤

እንደምን አለሽ። እኛ አለን።

በመስኖ የተከልነው ድንች ተቆፈረ። ቅጠሉ ገና በሁለተኛው ወር ጠቁሮ፣ ጠርዙ እንደ ወይን ጠጅ ቀልቶ፣ ቁመቱም ከጉልበት ሳያልፍ ቀርቶ ነበር። ውኃው አልጎደለም፤ ኩትኳቶው አልጎደለም፤ አፈር ማስታቀፉም በጊዜው ተደርጓል። የጎደለው አንቺ ተዉት ያልሽው ብቻ ነው። አብዶ ከመኪናው ላይ ሆኖ ክምሩን አየና፣ «ይህን ለሆቴል ባቀርበው ወጥ ቤቱ በእኔ ላይ ይወረውረዋል» ብሎ ባዶውን ተመለሰ።

ወይዘሮ ድንቅቱም ሰምተው ሳይጠሩ መጡ። «የወንድምዎ ልጅ ሆላንድ ድረስ የሄደችው ይህን ለመማር ነው?» አሉኝ በሰው ፊት። «እኔ እኮ ሳልማርም፣ ባሕር ሳልሻገርም ምንም አለማምረት እችላለሁ።» በመኪናቸው ያመጡትንም የባሕር ዛፍ ችግኝ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ከደገፋ አጥር ሥር አስደረደሩ። ደገፋ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እናቱ ጠጅቱ ግን ማልዳ ችግኙን ውኃ ስታጠጣ አገኘኋት። «እርሱ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

የቀረን አንድ ክረምት ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ደቻሳ

*

ሆላንድ፣ ግንቦት 25 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬን አንገቴን አቀርቅሬ አቀርባለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እንደተቀመጥሁ መሸ። ከዚህ ጋር ካጠራቀምሁት ጥቂት ገንዘብ ልኬአለሁ፤ ስድስቱ ቤት እስከ መከር እህል ይግዛበት።

አሁን ግን የምጠይቅዎትን ሳይቆጡ ይመልሱልኝ። የገለጹልኝ ቅጠል፣ ጠርዙ የቀላው፣ የጫጨው፣ ፎስፎረስ የራበው ድንች ቅጠል ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ስለዚህ ያ አፈር ባለጸጋ አይደለም። እንግዲያው አምና ባዶው መደብ ምን በላ?

የኅዳሩን ደብዳቤዎን አውጥቼ እንደገና አነበብሁ። አንቱ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጆንያውም ቀድሞ አለቀ። አብዶ ካልሰረቀ፣ አጎቴ፣ የጎደለው የት ገባ? እባክዎ የደቦውን ሴቶች ይጠይቁ፤ እንደ ችሎት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ይጠይቁ።

ልጅዎ ገለቴ

*

ሱሉልታ፣ ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለብሩህ ልቡና ባለቤት ለልጄ ለገለቴ፤

ከሩቅ ሆነሽ የቅርቡን ያሳየሽ አምላክ፣ ከቅርብ ሆኜ ሩቁን ለማላየው ለእኔም ብርሃን ይስጠኝ፤ ለአንቺም የልፋትሽን ዋጋ በእጅሽ ያሲዝሽ። የላክሽው ገንዘብ ደርሶ እህል ተገዝቶበታል፤ ነገር ግን ልጄ፣ ሁለተኛ ነገሩን በገንዘብ አትዝጊው፤ እኛን የሚያቆመን ከደብዳቤሽ ግርጌ የጻፍሽው ጥያቄ ነው።

ጥያቄሽን ይዤ ወደ ጠጅቱ ቤት ሄድሁ። እርስዋም ከሴቶቹ ከአያንቱና ከማሪቱ ጋር ሆና የድንች ዘር ትመርጥ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ጠጅቱ?» ብዬ እንዴት እንዳደረች ጠየቅኋት።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፤ ይግቡ ኦቦ ደቻሳ። ፊትዎ ምነው የዳኛ ፊት ሆነ?»

«አምና በደቦው ቀን፣ ምንም አይደረግበት ባልሁት መደብ ላይ ምን አደረጋችሁ?»

ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። መጀመሪያ አያንቱ ሳቀች። ጠጅቱ ግን አልሳቀችም፤ እንዲያውም ተቆጣች።

«ምን እናድርግ ታዲያ? የሰው እርሻ ላይ ቆመን፣ ለሦስቱ አጉርሰን፣ አራተኛውን ዓይን ዓይኑን እያየን እንለፈው? ያን ያህል ክፉዎች ነን?»

«እኔ እኮ ባዶውን ተዉት ብያችሁ ነበር!»

«አሉ። እርስዎ የሚሉት ለይሉኝታ ነው ብለን ነዋ! ማዳበሪያው አጥሮዎት፣ ማነሱን ላለመናገር የተማረ ሰው ምክንያት የፈጠሩ መስሎን፣ ከየድርሻችን አዋጥተን ጭብጥ ጭብጥ አደረግንለት። ያንን ግማሽ የተባለውንም አዝነንለት ሞላንለት።» ማሪቱም ከወዲያ ሆና፣ «ባዶ ትልም ትቶ ከሰው ማሳ መውጣት እርግማን ነው፤ በእኔ እጅ አይሆንም» አለች።

ልጄ፣ እኔ በሠላሳ ዓመት የችሎት አገልግሎቴ በቀል ያበላሸውን፣ ጉቦ ያጠመመውን፣ ፍርሃት ያስዋሸውን ምስክርነት ሁሉ ጽፌአለሁ፤ ርኅራኄ ያበላሸውን ምስክር ግን ከዚያን ቀን በፊት አላየሁም፤ ቤታቸውን የሚያድነውን መደብ እንዳይራብ ብለው ያበሉት፣ ቤታቸው ሊፈርስባቸው ያሉት ራሳቸው ናቸውና፣ ቁጣዬን ትቼ አብሬአቸው ዘር ለመምረጥ ተቀመጥሁ።

ከዚያ በቅሎዬን አስጭኜ ቡራዩ ድረስ ወርጄ አብዶን በሱቁ በር ላይ አገኘሁት። «አብዶ፣ ጆንያህ ሙሉ ነበረ፤ በሐሰት ከስሼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ቆቡን ቀስ ብሎ አነሣና፣ «ኦቦ ደቻሳ፣ ይኸው እስከ ዛሬም አልበቀለም» አለኝ። ተቃቅፈን ተለያየን፤ ለዘንድሮውም ማዳበሪያውን ራሱ ጭኖ መጣ።

አሁን የቀረው ጭንቅ ይህ ነበር፤ ዘንድሮም ደቦ ያለ እነርሱ አይሆንም፤ እነርሱም ባዶ መደብ አይተው እጃቸውን መሰብሰብ አይችሉም። ቆሜ ብጠብቃቸው ስድብ ነው፤ ባዝዛቸው እሺ ብለው ሲያበቁ ዘወር ስል ያጎርሱታል። ብዙ አሰላሰልሁ። ወሩ ሰኔ፣ ጾሙም የሐዋርያት ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ። ስለዚህ በተከላው ማለዳ ደቦኛውን ሰብስቤ፣ ራቁቱን ወደ ቀረው መደብ እየጠቆምሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልሁ፤

«ይህ መደብ እንደ እኛ የሰኔን ጾም ይዟል። ማንም አዝኖ ቢያጎርሰው ጾሙን አስገድፎታል፤ ኃጢአቱም በአጉራሹ ላይ ይሁን።»

ከዚያ ጠጅቱ፣ «እንዲህ አይሉንም ነበር አምና!» ብላ ነጠላዋን አደገደገች። «እናንተ፣ ጾመኛ ነው፤ እንዳትነኩት!» ጆንያ የሚያወርደው አብዶ ደግሞ፣ «ኦቦ ደቻሳ፣ የእኛ ጾም ሲመሽ ይፈታል፤ የእርስዎ መሬት መቼ ነው የሚፈታው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጥቅምት ላይ» ስለው፣ «ያ አላህ፣ ይህስ ከመነኩሴም ባሰ!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ሴት እንኳ ማዳበሪያ ይዛ በዚያ መደብ ጠርዝ አላለፈችም፤ ልታልፍ ያለች እንደሆነ ሌሎቹ ይጮኹባት ነበር። ግማሹ ግማሽ፣ አንዱም አንድ ሆኖ ገባ። እኔም በሰላም ከግራሩ ሥር ተቀመጥሁ።

ድንቹ ተተክሏል። ከእንግዲህ የሚቀረው ዝናሙና የወይዘሮ ድንቅቱ ዓይን ነው።

አጎትሽ ደቻሳ ቦጂያ

*

ሆላንድ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ክረምቱ ለሰውም ለተክልም የሚበጅ ይሁን። የእቴ ጠጅቱን ነገር ለመምህሬ ተረጎምሁለት፤ ብዙ ሳቀ። እኔም የኅዳሩን ውጤት ስቀበል ሚዛኑን አምኜ፣ ማሳው ላይ የቆሙትን ሰዎች አልጠየቅሁም። የመስኖው ጥፋት የእኔ ነው፤ ከእኔ በቀር በማንም እንዳያመካኙ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዘንድሮ ለብቻዎ አስቆፍረው፣ አስመዝነው አይጻፉልኝ፤ ወይዘሮ ድንቅቱ ራሳቸው ባሉበት፣ በዓይናቸው እያዩ ይቆፈር። እኔ እዚህ ሆኜ የምጽፈው ወረቀት ለእርሳቸው ወረቀት ነው። ባዶው መደብ በፊታቸው ከተከፈተ ግን ክርክሩ ያበቃል። ደግሞ ለሦስተኛው መደብ ዓይንዎን ይስጡልኝ፤ አንዱ ቆርኪ ሁለቱን ከተካከለ፣ ያ ነው የእኛ መጠን። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አፈሩ የሚጨብጠው ነው።

ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ እዚህ እንድቀር ተጠይቄ ነበር። አልመለስሁላቸውም፤ ጥቅምትን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ገለቴ

*

ሱሉልታ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዳገታችን ጠበቃ ለገለቴ፤

የሰማይ ጠል በቀለምሽ ላይ ይውረድ፤ ጉዞሽም፣ ብትጓዢ፣ የተቃና፤ ኑሮሽም፣ ብትኖሪ፣ የተባረከ ይሁን። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ።

ወይዘሮ ድንቅቱ በቀጠሯቸው ቀን መጡ። ወንበር ከማሳው ራስጌ አስቀመጥንላቸው። «ምን ልታሳዩኝ ነው፣ ቲያትር?» አሉ። «ቆፋሪውን እርስዎ ይምረጡ፣ የሚቆፈረውንም እርስዎ ያዝዙ» አልኋቸው። ሾፌራቸውን መረጡ። ዘንጣፋው ሰውዬ ኮቱን አውልቆ ባዶውን መደብ ቆፈረ፤ ከየሥሩ የወጣው በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ትልቁም ከሎሚ የማይበልጥ ነበር።

«ይኸው፤ ያው ድንቻችሁ» አሉ ወይዘሮዋ።

«ያው ነው፤ መሬቱ ብቻውን ሲቀር የሚሰጠው ይህን ነው። አሁን ቀጣዩን ያስቆፍሩ።»

ግማሽ ቆርኪው ሲቆፈር ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። አንድ ቆርኪው ሲቆፈር ተነሡ። ልጄ፣ ከአንድ ሥር የወጣውን ሾፌሩ በሁለት እጁ አቅፎ አልቻለውም፤ ድንቹም እንደ ዱላ ራስ የደለበ፣ ቆዳውም የጠራ ነበር። ወይዘሮዋ ጥላቸውን ለጠጅቱ ሰጥተው ትልሙ ውስጥ ገቡ። ሁለት ቆርኪ የበላው ሲቆፈር ሁላችንም ሚዛኑን ከበብን። ተመዘነ፤ ከአንዱ ቆርኪ ጋር እኩል ነው። ይህን ጊዜ አልደበቅሁም፤ «እመቤቴ፣ የእርሻ መኮንኑ ካዘዘው ግማሹ ይበቃል፤ ሌላው ግማሽ ለአፈሩ የሚከፈል ግብር ነው» አልኋቸው።

«አብዶ» አሉ፣ «አንተ ነጋዴ ነህ፤ አትዋሸኝ። ይህን ድንች ሆቴሎቹ ይወስዱታል?»

«እመቤቴ፣ ወጥ ቤቶቹ ይህንስ አይወረውሩብኝም፤ ጨምር ብለው ይለምኑኛል።»

«ባሕር ዛፉስ?»

«ባሕር ዛፍ ለመሸጥ ስምንት ዓመት ይጠብቃሉ፤ ይህን ሰኞ እጭነዋለሁ።»

ወይዘሮዋ በእጃቸው የያዙትን ድንች እየገላበጡ ወደ እኛ ዞሩ። «እሺ፤ ስንት ዓመት ነው የምትፈልጉት?»

እዚህ ላይ ልጄ፣ ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ስለ ሁሉም መናገር የእኔ ፈንታ ነበርና። እኔም የመሬቱን ጥንተ ነገር፣ የስድስቱን ቤት ድካም፣ የወይዘሮዋንም ደግነት በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አስተሳስሬ፣ መጨረሻው ላይ በትሕትና ወደ ልመናው ለመድረስ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ በወይዘሮዋ ፊት አንድ ቀን እንኳ አፉን ያልከፈተው ደገፋ፣ ከኋላዬ፣

«አሥር» አለ።

ወይዘሮዋ ማን እንደተናገረ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። «አምስት» አሉ።

«አምስት፤ በፍርድ ቤት በተጻፈ ውል» አለ ደገፋ፤ ዓይኑንም አልሰበረም።

«ልጅሽ ነው?» ብለው ጠጅቱን ጠየቁ። ጥላውን ይዛ ቆማ፣ «ነበረ፤ አሁን እንጃ» አለች። በሳቅ መሐል ነገሩ ጸደቀ።

ውሉ ትናንት ተፈረመ። ቃሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ለስድስቱ አባወራ በየስማቸው፣ አምስት ዓመት፣ ያለ መነቀል። የተጻፈውን ለደገፋ ሳነብለት ስሙ በተጠራበት ቦታ አስቆመኝና፣ «እዚህ ጋ ይድገሙልኝ» አለ። ደገምሁለት። የባሕር ዛፉን ችግኝ ወይዘሮዋ ለሾፌራቸው አስጭነው ወሰዱት።

ሆላንድ ላሉት የምትመልሽውን ቃል እኔ አላስተምርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ከጎጃም መንገድ በታች ያሉት ሰዎች ማሳቸውን ይዘው ወደ እኔ መምጣት ጀምረዋል፤ የእነርሱ አፈር ደግሞ ቀይ ሳይሆን ጥቁር ነው፣ ውኃም ይተኛበታል፤ ለእርሱ ስንት ቆርኪ እንደሚገባው አላውቅም። ነገ ማለዳ ደገፋ በሬዎቹን ይዞ ሊወርድ ነው፤ እኔም አራት ችካል ተሸክሜ እከተለዋለሁ።

አጎትሽ ደቻሳ ቦጂያ